ዳገቱና ጨፌው

ከሐይቁ ወጥቶ ዳር ላይ የተከመረ እንቦጭ በፀሐይ መበስበስ ሲጀምር የራሱ ሽታ አለው። እርጥቡን የተከመረ ድርቆሽ ከውስጥ ሲግል የሚሸተውን ይመስላል፤ ከሥሩ ግን የጭቃና የዓሣ ነገር አለበት። ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ጠዋት ጠዋት እንደማደርገው፣ ጀልባዎቹ ከሚቆሙበት አለፍ ብላ ካለችው ዋርካ ሥር ተቀምጬ ይህ ሽታ መጣብኝ። ሁለት ወጣቶች አረሙን በመንሽ እየጎተቱ ያወጣሉ። እኔም ከሽታው ወደ ድሮ ድርቆሽ፣ ከድርቆሹ ወደ እህቴ ጨፌ ነጉጄ ሳለሁ አንድ ሰው ከፊቴ ቆመ።

«መምህር፣ እንደምን አደሩ?» አለኝ።

ቀና ብዬ አየሁት። ዱላውን በሁለት እጁ ተደግፏል፤ ጋቢው የታጠበ ነው፤ የላስቲክ ጫማው ግን ጭቃ በጭቃ ሆኗል። ፊቱ ከስቶ ጉንጩ ገብቷል። ድምፁን ባልሰማ ኖሮ አላውቀውም ነበር። ዘለቀ ነው፤ የእህቴ ባል ታናሽ ወንድም። ልጆች ሳለን በአንድ ወንዝ ዋኝተን፣ ከአንድ ገበታ በልተን ያደግን ነን። ያኔ «አንተ» ይለኝ የነበረ ሰው ዛሬ «እርስዎ» አለኝ።

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልሁት። ከዘለቀ ጋር ቃል ከተለዋወጥን ልጆቼ አድገው ልጅ ወልደዋል።

«የግብርና ቢሮ የሚባለው በየት በኩል ነው? ሰው ብጠይቅ አንዱ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ ይለኛል። ለእንቦጩ የመንግሥት ርዳታ አለ ሲሉ ሰምቼ ነው የመጣሁ።»

ይህንኑ ጥያቄ፣ በዚሁ በባሕር ዳር ከተማ፣ ከሌላ ሰው አፍ ሰምቼው ነበር። ያን ጊዜ ጠያቂዋ እህቴ ይርገዱ ነበረች።

የእኛ መንደር ከወንዛዬ ፍልውሃ ወደ ሐይቁ ሲወረድ ነው። ከላይ ዳገት፣ ከመካከል እርሻ፣ ከታች ጨፌ፣ ከጨፌው ወዲያ ጣና። አባታችን መሪጌታ ነበሩ፤ በመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ዜማ ያስተምሩ ነበር። እናታችን ቀድማ ስለሞተች ያሳደገችኝ እታለም ናት። ታላቄ ስለሆነች እስከ ዛሬ «እታለም» እንጂ በስሟ ጠርቻት አላውቅም። አባቴ ለድጓ ሲያጩኝ «ይህ ልጅ ለአስኳላ ይሁን» ብላ ተከራክራ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ያስገባችኝ እሷ ናት። እኔ ተምሬ ባሕር ዳር መምህር ሆንሁ፤ እሷ እዚያው አግብታ፣ ወልዳ፣ ባሏ ሞቶባት፣ ልጇን በትኩሳት ቀብራ፣ መሬቱን ይዛ ቀረች። መሬቷን ባሏ ከሞተ በኋላ የሚያርስላት ዘለቀ ነበር። ይህን መናገር አለብኝ፤ ያኔ ዘለቀ በሬውን ጠምዶ መጀመሪያ የሚገባው እሷ ማሳ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ራሱ የሚሄድ።

መንገድ ሲሠራልን የደስታችን ነገር ልክ አልነበረውም። የታመመ ሰው በቃሬዛ መሸከም ሊቀር ነው አልን። መንገዱ በዳገቱ ወገብ ላይ አለፈ። የሠሩት ሰዎች ከዳገቱ የሚወርደውን ውሃ በአንድ ቦይ ሰብስበው በሲሚንቶ ቱቦ ወደ ታች ለቀቁት፤ የቱቦው አፍ የሚከፈተው ደግሞ ከእታለም ማሳ ራስጌ ነው። በመጀመሪያው ክረምት ልጅ ዘሎ የሚሻገረው ቦይ ተቆፈረ። በሚቀጥለው በሬ የማይሻገረው ሆነ። ከዚያ በኋላ ሰው ቢገባበት ራሱ የማይታይ ቦረቦር ሆኖ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ዳርና ዳሩን እየናደ፣ ጤፍ የሚዘራበትን ቀይ አፈር ወደ ጣና እያጋዘ፣ ከቤቷ ጓሮ ደረሰ። ሌሊት ሌሊት አፈሩ ሲናድ እንደ ሩቅ ነጎድጓድ ይሰማኛል ትለኝ ነበር።

ወደ ባሕር ዳር የመጣችበትን ቀን አልረሳውም። ከተማዋ ያኔ ሌላ ነበረች። መንገዱ ሁሉ ዘንባባ፣ ከዘንባባው ሥር ብስክሌት፤ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጡሩንባ ሲነፋ ብስክሌቱ እንደ ንብ መንጋ ይወጣል። ሴቶቹ ሠራተኞች ሻሻቸውን ሳይፈቱ፣ ክሩ ፀጉራቸው ላይ እንደተያዘ ከኋላ መቀመጫው ላይ በጎን ተቀምጠው ይሄዳሉ። ከገበያው በላይ ባለው መታጠፊያ አንድ ካሴት ሻጭ ድምፅ ማጉያውን ከደጅ አውጥቶ ቀኑን ሙሉ የክራር ዘፈን ያሰማል፤ ከጎኑ ሻይ በስሙኒ የምንጠጣበት ቤት ነበር። የደንገል ታንኳዎች ከዘጌና ከደሴቶቹ እንጨት ጭነው ሲመጡ ከሩቅ የሚሄድ ድርቆሽ ይመስላሉ። ዛሬ ከዘንባባው ብዙው ተቆርጦ ፎቅ ቆሟል፤ ብስክሌቱን ባለ ሦስት እግር ባጃጅ ተክቶታል፤ ካሴት ሻጩ ከነበረበት ስልክ ይጠገናል። እታለምን በዚያች በድሮዋ ከተማ መካከል፣ ደረቱ ላይ አረንጓዴ ጥልፍ ያለው ቀሚሷን ለብሳ፣ መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ፣ ጥቁር ዣንጥላዋን እንደ ምርኩዝ ይዛ፣ ከተከራየሁባት ክፍል ደጃፍ ቆማ አገኘኋት።

«ወንድምዓለም፣ መሬቱ እየሄደ ነው» አለችኝ፤ ሰላምታውን እንኳ ሳታስረዝም። «መንግሥት ለእንዲህ ያለው ነገር ርዳታ አለው ይላሉ። የት እንዳለ አንተ ታውቃለህ።»

እኔ የት አውቄ። የማውቀው ጠመኔና ሰሌዳ ነው። ግን የተማርሁት በእሷ ነውና አላውቅም ማለት ከበደኝ። በማግሥቱ ርዳታውን ፍለጋ ጀመርን። ዘመኑ ቢሮዎች ስማቸውን የሚቀያይሩበት ነበር፤ በራፉ ላይ የተጻፈውና ውስጥ ያለው አይገናኝም። መጀመሪያ መንገድ ወደሚመለከታቸው ሄድን። «ቱቦው የእኛ ነው፤ ከቱቦው የወጣው ውሃ ግን የግብርና ነው» አሉን። ግብርና ስንሄድ «ውሃው ከመንገድ ነው የመጣው» አሉን። ሌላው ሰው ስብሰባ ላይ ነው፤ ሌላው ተዛውሯል፤ ሌላው «ወረዳችሁን ጠይቁ» ይላል፤ ወረዳ ስትሄድ «ክልል ነው የሚያውቀው» ይሏታል። እታለም ከአንዱ አግዳሚ ወንበር ተነሥታ ወደ ሌላው ስትሄድ ቀሚሷን አራግፋ፣ ፀጉሯን በሻሿ ሸፍና፣ እንደገና እንደ አዲስ ትጀምራለች። ስትቆጣ አላየኋትም። የእኔ ጉልበት ሲዝል እሷ ካሴት ሻጩ ጎን ወዳለችው ሻይ ቤት ትወስደኝና «ጠጣ፣ ገና ብዙ በር አለ» ትለኛለች።

በመጨረሻ መነጽር ያደረጉ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ አንድ ባለሙያ አገኘን። ወንበር ሰጧት። ነገሯን እስክትጨርስ ሳያቋርጡ ሰሟት።

«እናቴ፣ ለአንድ ሰው ማሳ የሚሆን ፕሮግራም የለንም» አሏት። «ያለን ለተፋሰስ ነው።»

«ተፋሰስ ምንድን ነው?»

«ውሃው ከሚነሣበት እስከሚደርስበት ያለው መሬት ሁሉ። በላዩ የሚኖሩት ሰዎችም ጭምር።»

«ሰዎቹ ከተስማሙ ትመጣላችሁ?»

«ከተስማሙ፣ ዳገቱም ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነጻ ከሆነ እንመጣለን። ለድንጋዩ ሽቦ እንሰጣለን፣ ችግኝ እንሰጣለን፣ ለሚሠራው ሰው ስንዴና ዘይት አለ። ዳገቱ ላይ ከብት ከወጣ ግን ሥራው ከንቱ ስለሚሆን አንጀምርም።»

አመስግናቸው ወጣች። ሻይ ቤቷ ገብተን ከተቀመጥን በኋላ ብርጭቆውን በሁለት መዳፏ ይዛ «ዘለቀ እሺ አይልም» አለችኝ።

እውነቷን ነበር። ስብሰባው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ተደረገ፤ እኔም ሄጄ ነበር። የልማት ሠራተኛው ሙሉቀን፣ አዲስ የተመደበ ቀጭን ልጅ፣ ስለ እርከንና ስለ ችግኝ ተናገረ። ሰው ሁሉ ዐይኑ ዘለቀ ላይ ነው። በመንደሩ ከሁሉ ይልቅ ከብት ያለው እሱ ነበር፤ ከእሱ በስተቀር ዳገቱ ቢዘጋበት ብዙ የሚጎዳ ሰው አልነበረም።

ዘለቀ ተነሣ። ያኔ ካኪ ቁምጣና ካኪ ኮት የሚለብስ፣ ባቱ እንደ ግንድ የሆነ ሰው ነበር። «የይርገዱ መሬት መሄዱ ያመኛል» አለ። «የወንድሜ መሬት ነው። ያረስሁት እኔ ነኝ። ግን ዳገቱን ዝጋ ስትሉኝ በሬዎቼን እረድ ማለታችሁ ነው። በሬዎቼ ከሞቱ የእሷን መሬት በምን አርሳለሁ? እስቲ ይህን መልሱልኝ።»

ሙሉቀን አጎነበሰ። ሰው ጋቢውን እያራገፈ መነሣት ጀመረ። ያን ጊዜ እታለም ከሴቶቹ መካከል ቆመች።

«ጨፌዬን ውሰድ» አለችው። «ዳገቱ እስኪያገግም ከብቶችህ ከዚያ ይብሉ።»

ጨፌው ምን እንደነበረ ያላየ ሰው አይገባውም። በጋውን ሁሉ፣ አገሩ ቢጫ ሆኖ ሲሰነጣጠቅ፣ ከሐይቁ ዳር ያ ቦታ አረንጓዴ ነው። እግር ሲረግጠው ውሃው በጣቶች መካከል ብቅ ይላል። የእታለም ብቸኛ ላም ከዚያ ትግጣለች፤ ድርቆሹን አጭዳ ለወንዛዬ ገበያ ትሸጣለች፤ ጨው፣ ጋዝ፣ ሳሙና የሚገባው ከዚያ ነው። ዘለቀ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። ከዚያ «ሽማግሌዎች ሰምታችኋል» አለና ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹ «ሰምተናል» አሉ። ዳገቱ ተዘጋ።

ሥራው የተጀመረው ጥምቀት ካለፈ በኋላ ነበር። ለእረፍት ስሄድ እኔም ድንጋይ ተሸክሜያለሁ። ከመንገዱ በላይ እርከን፣ ከታች በቦረቦሩ ውስጥ በሽቦ የታሰረ የድንጋይ ሳጥን፣ ደረጃ በደረጃ። ሴቶቹ ድንጋዩን በጀርባቸው እያመላለሱ፣ አንዷ ታወጣለች ሌሎቹ ይቀበላሉ፦

ጎርፍ ሆይ ተመለስ፣ ሂድ በመጣህበት፣
ልጅ አሳድጋለሁ በቀረችው መሬት።

ግጥሟን ያወጣችው ማን እንደሆነች አላውቅም። እታለም ልጅ አልነበራትም፤ ግን ከሁሉ አስበልጣ የምትቀበል እሷ ነበረች። ስንዴው ሲከፈል የጆንያው ሽታ መንደሩን ይሞላው ነበር፤ ነቀዝና ርቀት የሚሸት፣ የእኛ ስንዴ የማይሸተው ሽታ። የዘይቱ ጣሳ ተቆርጦ መብራት፣ መስፈሪያ፣ የበር መደፈኛ ሆነ። ብዙ ዓመት ያ ጣሳ ያልገባበት ቤት አልነበረም። ዘለቀም ድንጋይ ተሸከመ፤ ከሁሉ ትልቁን ነበር የሚያነሣው።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን ሰው ቢነግረኝ አላምንም ነበር። ዳገቱ መጀመሪያ ሳር አወጣ፤ ከዚያ ቁጥቋጦ፤ ያልተከልነው ወይራ ከድንጋይ መካከል በቀለ። ቆቅ ተመለሰ። በቦረቦሩ ውስጥ ሳጥኖቹ ደለል እየያዙ ደረጃ ሠሩ፤ እታለም ደለሉ ላይ ዝሆኔ ሳርና ጌሾ ተከለች። ከዳገቱ ግርጌ፣ አባቴ «ድሮ ምንጭ ነበረበት» ይሉ ከነበረው ቦታ፣ አንድ የመጋቢት ጠዋት ውሃ ፈልቆ ተገኘ። ቀጭን ነው፤ ግን በጋውን ሁሉ አልደረቀም። ሌሎች ቀበሌዎች ሰው እየላኩ ያዩት ጀመር። እታለምን ከዳገቱ ሥር አቁመው ፎቶግራፍ አንሥተዋታል፤ ዣንጥላዋን እንደ ጦር ይዛ፣ ሳትስቅ።

በመካከሉ ላሟ ታልባ ደረቀች፤ መኖ ስለሌለ ሸጠቻት። ድርቆሽ ስለሌለ ገበያ ቀረች። ጋዝ በሌለበት ሳምንት በጨለማ ትቀመጥ ነበር። «እስኪያገግም ነው» ትለኛለች። ዳገቱ ሲያገግም ግን ዘለቀ ከብቱን አበዛ። ጨፌው የእሱ መንጋ ቦታ ሆነ፤ ልጆች ሁሉ «የዘለቀ ጨፌ» እያሉ ሲጠሩት ሰማሁ።

ከዚያ መሬት የሚለካበት ዘመን መጣ። ባለ ገመዶቹ መንደር ለመንደር እየዞሩ እያንዳንዱን ማሳ «ይህ የማን ነው?» እያሉ መዘገቡ። ጨፌው ላይ ሲደርሱ እታለም በወባ ተኝታ ነበር። አንድ የቀበሌ ሰው «የዘለቀ ነው» አለ። ዘለቀ ከአጠገቡ ቆሞ ነበር። ምንም አልተናገረም። ከሰሙት ሽማግሌዎች አብዛኞቹ ሞተዋል፤ በሕይወት ያሉት ከዘለቀ ጋር መጣላት አልፈለጉም።

ወሬው ሲደርሰኝ ከትምህርት ቤቱ ፈቃድ ወስጄ በረርሁ። እታለም ከትኩሳቱ ተነሥታ ከምንጩ ውሃ ስትቀዳ ደረስሁ።

«ጠበቃ ይዣለሁ» አልኋት። «የሙሉቀንን ምስክርነት አገኛለሁ። እንከሰዋለን።»

እንስራዋን አስቀምጣ አየችኝ። «ብከሰው ምን ያደርጋል?»

«ጨፌውን ታስመልሻለሽ።»

«እሱን አይደለም የጠየቅሁህ። ዘለቀ ምን ያደርጋል? ከብቱን ወዴት ይነዳል?»

ዳገቱን ቀና ብዬ ሳየው ገባኝ። ወይራው፣ ግራሩ፣ ከመንገዱ በላይ እንደ ልጅ ፀጉር የሚወዛወዘው ሳር። ጨፌው ከተወሰደበት በማግሥቱ የዘለቀ መንጋ እዚያ ይሆናል፤ እሱ ካወጣ ሁሉም ያወጣል።

«በዓመት ይበሉታል» አለች። «ቦረቦሩ ይመለሳል። ያ ሁሉ ሰው የተሸከመው ድንጋይ ይሄዳል። ተወው ወንድምዓለም።»

«እሱ ግን ያውቃል። እያወቀ ዝም አለ።»

«አዎ፣ ያውቃል» አለችና እንስራዋን አዘለች።

ተቆጣሁ። ሞኝነት ነው አልኋት፤ ሌላም ሌላም አልኋት። ከእሷ ጋር በዚያው ቀን ታረቅን፤ ከዘለቀ ጋር ግን ቃል አቆምሁ። በለቅሶ ስንገናኝ ከሩቅ አልፈዋለሁ። እታለም ግን ሰላምታዋን አልነሣችውም፤ እሱም ማሳዋን ማረሱን አልተወም። እኔ ይህን ነገር ዕድሜዬን ሁሉ ሳስበው ኖሬ አልገባኝም። ኋላ ዐይኗ ሲደክም፣ ምርኩዝ ሲያስፈልጋት፣ መሬቷን ለእኩል አራሽ ሰጥታ ከእኔ ዘንድ ባሕር ዳር መጣች።

እንግዲህ ያ ዘለቀ ነው ከዋርካው ሥር ከፊቴ የቆመ። አቅጣጫውን በእጄ አሳይቼ ልሰድደው ነበር ሐሳቤ። እጄንም አንሥቼ ነበር። ግን ጫማውን አየሁት። ከመንደራችን እስከ አስፋልቱ ድረስ በእግሩ እንደመጣ ጭቃው ይናገራል፤ ግጭቱ ከተነሣ ወዲህ ደግሞ በዚያ መንገድ የሚሄድ ሰው ቤተሰቡን ተሰናብቶ ነው የሚወጣ። ተነሣሁና «ና፣ በዚህ በኩል ነው» አልሁት።

ቢሮው ውስጥ ኮምፒዩተር ፊት የተቀመጠች ልጅ አገኘን። ትሕትና ያላት ልጅ ነች። ዘለቀ ዱላውን ከግድግዳ አስደግፎ ነገራት፤ አረሙ ከሐይቁ ተነሥቶ ጨፌውን እንደሸፈነው፣ የሸፈነውን ደግሞ ውሃው እንደተከተለው፣ በእጅ ቢያወጡት በሳምንት እንደሚመለስ፣ ከብቶቹ ሆዳቸው ተነፍቶ እንደሞቱ።

«አባት፣ ርዳታው ለአንድ ሰው አይሰጥም» አለችው። «ተደራጅታችሁ በወረዳችሁ በኩል ነው የሚመጣው። እነሱ ሲያቀርቡ እኛ እናያለን።»

«ወረዳው ተዘግቷል ልጄ። ሠራተኞቹ ከወጡ ቆይተዋል።»

ልጅቱ ዐይኗን ሰበረች። «እንግዲህ ሲከፈት» አለች።

ውጭ ከወጣን በኋላ ዘለቀ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። እታለም አግዳሚ ወንበር ለወንበር ስትዞር የነበረችበትን ሰሞን አስታወስሁ። ለእሷ ያዘንሁትን ለእሱ ማዘን አልፈለግሁም፤ ግን ምሳ ሰዓት ነበር፤ የሰው አገር ሰው ነው። ቤት ይዤው ሄድሁ።

እታለም በረንዳው ላይ ተቀምጣ ነበር። እርምጃ ስትሰማ «ማነው ከአንተ ጋር ያለው?» አለች።

«ዘለቀ ነኝ» አላት፤ ከደጅ እንደቆመ።

«ግባ እንጂ» አለች።

ገብቶ ከአጠገቧ ተቀመጠ። ባለቤቴ ውሃ አምጥታ አስታጠበችው። ምግቡ ቀርቦ እጁን አልዘረጋም።

«ይርገዱ፣ ጨፌውን ልመልስልሽ ነው የመጣሁ ብዬ አልዋሽሽም» አላት። «የምመልሰው የለም። ውሃውና አረሙ በልተውታል። ያኔ ‹የማን ነው?› ሲሉ መናገር ነበረብኝ። ከብቴን አሰብሁ። ዝም አልሁ።»

እታለም ፊቷን ወደ ድምፁ መለሰች። ይቅር አላለችውም፤ አልረገመችውምም። የጠየቀችው ሌላ ነው።

«ዳገቱስ?»

«ሊከፍቱት ነው» አለ ዘለቀ። «ጨፌው የሁሉም ጠፋ፤ የእኔ ብቻ አይደለም። ከብት ያለው ሁሉ ዳገቱን እያየ ነው። ወጣቶቹ ለከሰል መቁረጥም ጀምረዋል። እሑድ ሊመክሩበት ነው። እኔ እንቢ ብል ‹አንተ በሰው ጨፌ አርብተህ ዛሬ እኛን ትከለክላለህ?› አሉኝ። ምን እመልሳለሁ? ለዚህ ነው ርዳታ ፍለጋ የመጣሁ። አረሙ ቢነሣልን ዳገቱን ይተዉት ነበር።»

«ብላ» አለችው እታለም፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ወንድምዓለም፣ ለእሑድ የሚያደርሰን መኪና ፈልግልኝ» አለች።

መንገዱ እንዴት እንደሆነ፣ ዕድሜዋ ስንት እንደሆነ፣ ዐይኗ እንደማያይ ነገርኋት። ሁሉን ሰማችና ነጠላዋን እንዲታጠብላት ለባለቤቴ ሰጠቻት። ቅዳሜ ጠዋት መንገዱ ክፍት ነው ሲባል ወጣን። በየፍተሻው ስንወርድና ስንወጣ ክንዷን ይዤ ነበር። አስፋልቱ ካለቀ በኋላ ዘለቀ በቅሎ ለምኖ አስቀመጣት፤ ልጓሙን ይዞ እሱ ከፊት ሄደ።

ከመንደር ስንደርስ መጀመሪያ ዳገቱን አስነኩኝ አለች። ከመንገዱ ዳር ያለ ወይራ ሥር አደረስናት። ልጡን በመዳፏ ዳሰሰችው፤ ክንዷን አዙራ አቀፈችውና ጣቶቿ እንዳልተገናኙ ስታውቅ ፈገግ አለች። በዚያ ጉዞ ያየሁት ፈገግታ እሱ ብቻ ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ተሰበሰበ። የማውቀው ፊት ጥቂት ነው። እታለም ምርኩዟን ተክላ ቆመች። የድሮውን ሁሉ አልተረከችም፤ ቦረቦሩ ከቤቷ ጓሮ የት ደርሶ እንደነበረ ብቻ ነገረቻቸው። አንድ ወጣት፣ ፊቱ ላይ ቁጣ ሳይኖር፣ «እማማ፣ ከብቶቻችን ምን ይብሉ?» ብሎ ጠየቃት።

«አላውቅም ልጄ» አለችው። «እኔ ጨፌ ነበረኝ፤ ሰጠሁ። እናንተ የምትሰጡት የላችሁም፤ እሱን አውቃለሁ። ክፈቱት ካላችሁ አልፈርድባችሁም። ግን ጎርፉ ሲመለስ ከማን ቤት እንደሚጀምር አይመርጥም። እኔ እንግዲህ እዚህ አልኖርም፤ ሌሊት አፈሩ ሲናድ የምትሰሙት እናንተ ናችሁ።»

ረጅም ክርክር ሆነ። በመጨረሻ ከመንገዱ በታች ያለው ለግጦሽ ይከፈት፣ ከመንገዱ በላይ ያለው ግን ሳሩ በማጭድ ብቻ እየታጨደ ይጠበቅ ተባለ። ማን ይጠብቅ ሲባል ሰው ተያየ። ዘለቀ «እኔ» አለ። ከብቱ አልቆበት ነበርና የሚስቅበት አልነበረም።

ይህ ድል ነው ልል አልችልም። ከመንገዱ በታች ያለው ገና ክረምቱ ሳይጋመስ ተረግጦ አፈር ሆነ፤ ከሽቦ ሳጥኖቹም የታችኛው እንደተፈነቀለ ሰማን። ስለ አረሙ የወረዳው በር ዛሬም አልተከፈተም። የላይኛው ግን እስካሁን አለ። ዘለቀ ጎጆ ቀልሶ ከዚያው ይውላል። ከባድ ዝናብ በጣለ ቁጥር ወደ ቦረቦሩ ወርዶ የሚወርደውን ውሃ ያይና ለእታለም ይደውልላታል። «ዛሬ ጠርቷል» ይላታል፤ ወይም «ዛሬ ቀልቷል» ይላታል። ከዚያ የበለጠ አያወሩም። ስልኩን ዘግታ ለእኔ ትነግረኛለች።

ትናንት ከሰዓት በኋላ በሐይቁ ላይ ደመናው ጠቁሮ መጣና በወንዛዬ አቅጣጫ ሰማዩ እስከ መሬት ወረደ። ስልክ ከተቋረጠ ሳምንት አልፎታል፤ መንገዱም ዝግ ነው። እታለም በረንዳው ላይ ስልኩን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ኔትወርክ እንደሌለ ነገርኋት።

«አውቃለሁ» አለችኝ። «እሱ ግን ወርዶ እያየ ይሆናል።»

ወንበር ስቤ ከአጠገቧ ተቀመጥሁ፤ ዝናቡም ወደ እኛ ደረሰ።